ዕቃ ቤት የተባለው ክፍል

ስሙ ያሳስታል እንጂ ሰላም ፓላስ ቤተ መንግሥት አይደለም። ሮም ዳርቻ አናኚና ላይ ከሜትሮ ወርዶ አውቶቡስ የሚይዝ እንግዳ መስታወት የለበሰ ትልቅ ሕንፃ ያገኛል። ድሮ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ባዶውን ሲቀር የኛ ሰዎች ገቡበት፤ ከገቡም ይኸው ሃያ ዓመት ገደማ ሆናቸው። ሄራን ያደገችው እዚያ ነው። «ሰው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አድጎ ነው፤ አንቺ በስምንት ዓመትሽ ገባሽ» እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዱባታል። ከእናቷ ጋር የሚኖሩበት ክፍል አንድ ጊዜ ተማሪ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ካርቶንጄሶ የሚሉት ስስ ግድግዳ ከፍሎት የጎረቤት ሆኗል፤ እዚያ ወዲያ ሰው ሲያስነጥስ ከዚህ ወዲህ «ይማርህ» ይባላል።

«ከእናቷ ጋር የሚኖሩበት» ማለቴ ራሱ ትንሽ ማሳመር ነው። እናቷ፣ ስሟ ለተንኪኤል ነው፣ ፊሳ ናት። ሮም ያለ ሐበሻ ፊሳ ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ላልሰማ ግን፣ ከምትሠሪበት ቤት አድረሽ፣ ከምትሠሪበት ቤት ነቅተሽ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራስሽ ሰው የምትሆኚበት ሥራ ነው። ለተንኪኤል አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ በአማርኛ ተምራ በአማርኛ የምትጸልይ፣ ትግርኛዋን ለቁጣ ብቻ የምታወጣ ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፕራቲ በሚባለው የደህና ሰዎች ሰፈር ሲኞራ ዮሌ የሚባሉ መበለት ትጦራለች። ሲኞራዋ ክፉ አይደሉም። ለእናትየውም ለልጅቷም የመኖሪያ አድራሻ በቤታቸው እንዲመዘገብ ፈቅደዋል፤ ይህ በሮም ቀላል ውለታ አይደለም። እናም ሄራን ዶኩሜንቷ ላይ የፕራቲ ልጅ ናት፤ ስትተኛ ግን የአናኚና ልጅ ናት።

ልጅቷ ብልህ ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ወደ አርክቴክቸር ልትገባ ፈልጋ ፈተናው ጣላት፤ ስለዚህ የግንባታ ሙያ በሚያስተምር የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባች። ጠዋት ቶር ፒኛታራ ካለ ቡና ቤት ትሠራለች፣ ከሰዓት ትማራለች። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ፕሮፌሶሬሳ ማርያ የሚሏት መምህሯ ጠርታ አንድ መንገድ እንዳለ ነገረቻት። ትልቁ የአርክቴክቸር ፋኩልታ ከእንደዚህ ዓይነት ኮሌጆች ጥቂት ተማሪዎችን በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዓመት ያዛውራል። ቦታው ስድስት ብቻ ነው፤ የሚያመለክተው ከመላው ከተማ ነው።

«ሥራሽን ያያሉ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያነጋግሩሻል» አለቻት ማርያ። «ዋናው ግን አንድ ሥዕል ነው። የምትኖሪበትን ቤት ለክተሽ፣ ስለሽ፣ ሰው እንዴት እንደሚኖርበት ታስረጃለሽ። አታሳምሪው። ያለውን ነው የሚፈልጉት።»

ሄራን «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። የምትኖርበት ቤት!

ይህን ጥያቄ ያወጡት ፕሮፌሰሮች ክፋት አስበው አይደለም። የኛን ሰው ግን አያውቁትም። በኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ይጠረጋል፣ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ይሳባል። ሰው የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ልብሱን የት እንደሚሰቅል ገመናው ነው፤ ገመና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይሳልም። ያን በአንድ ለሃምሳ ልኬት ስሎ ለባዕድ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለሄራን ልብስ አውልቆ አደባባይ ከመቆም አይለይም ነበር።

ያም ሆኖ ሞክራለች፤ አልሞከረችም ብዬ አልበድላትም። ሜትሯን ይዛ ኮሪደሩን ስትለካ ጋሽ ኣንደብርሃን አገኟት። ጋሽ ኣንደብርሃን የሕንፃው ሽማግሌ ናቸው። በልጅነታቸው አሥመራ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተው የተማሩት ጣሊያንኛ አላቸው፤ ዛሬ ያን ጣሊያንኛ የሚናገር ጣሊያን የለም። ከቲቡርቲና እስከ ቶር ፒኛታራ የተጣላ ያስታረቁ፣ ሙሽራ የጠየቁ፣ የኮበለለ የመለሱ ሰው ናቸው።

«ምን እየለካሽ ነው ልጄ?» አሏት።

«የትምህርት ሥራ ነው ጋሼ። ቤታችንን ልስል።»

እሳቸው ከዘራቸውን ተደገፉ። «የአንቺን ክፍል የፈለግሽውን አድርጊ» አሉ። «የሌላውን ሰው ደጅ ግን አትሳይ። ሰው ተሰብስቦ ገመናውን የሸፈነበት ቤት ነው። ማን ያየዋል፣ ምን ይለዋል፣ አናውቅም።»

ትክክል ነበሩ። ግን ሄራን የሰማችው ሌላ ነው። የሰማችው «ይሄ ቤት አይታይም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ለነገሩ ልትሰማ የፈለገችውም እሱኑ ነበር። ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ሐሙስ ዕለት ፕራቲ ሄደች። ሲኞራ ዮሌ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ቤቱን እንድትለካ ፈቀዱላት። እናቷ ደስ አላት። የምትሠራው ነገር ባይገባትም የሜትሩን ጫፍ ይዛ ከክፍል ክፍል ትከተላት ጀመር፤ «እዚህ ልያዝልሽ? ተጠግቻለሁ?» ትላለች። ከሐሙስ ዕረፍቷ ላይ ነው ይህን የምታደርገው። ቤቱ ያምራል። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ኮሪደሩ ረጅም ሆኖ ጫፉ ላይ ባለው መስኮት ብርሃን ይገባበታል፤ ሳሎን አለ፣ መመገቢያ ክፍል አለ፣ ጠበቃ የነበሩት የሟቹ ባላቸው የመጽሐፍ ክፍል አለ። በመጨረሻ ኩሽናው ጋ ደረሱ። ከኩሽናው ጎን አንድ ጠባብ ክፍል አለች፤ መስኮቷ የግቢውን ግድግዳ ነው የሚያየው። የለተንኪኤል አልጋ እዚያ ነው፤ ከራስጌው የማርያም ሥዕል፣ ከግርጌው ሻንጣ። በሩ አልጋውን እየነካ ስለሚከፈት እናትየው ገባች፣ ልጅቷ ደጅ ቆማ ለካች።

ማታ ክፍሏ ውስጥ ፕላኑን ስትስል የእሷን አልጋ በጠበቃው የመጽሐፍ ክፍል አኖረችው። የእናቷን በሲኞራዋ መኝታ ቤት አኖረችው። ሲኞራዋን ከቤታቸው አስወጣቻቸው፤ ምናልባት ከውሸቶቿ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ከዚያ ጠባቧ ክፍል ቀረች። አልጋ ብታደርግባት «እዚህ ማን ነው የሚተኛው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እንዲህ ባለ ቤት ከኩሽና ጎን ማን እንደሚተኛ ደግሞ ሮማዊ ሁሉ ያውቃል። አልጋ የሌለበት ክፍል ስም ይፈልጋል። ስለዚህ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ «ሪፖስቲሊዮ» ብላ ጻፈችበት። ዕቃ ቤት ማለት ነው። ጽፋው ረጅም ጊዜ አየችው። አፈረች። ግን አልፋቀችውም።

ማርያ ሥዕሉን ስታይ «እንዲህ ያለ ቤት እንዳለሽ አላውቅም ነበር» አለች፤ ሄራን ፈገግ አለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው መሆኑ ገና አልታያትም። ለእናቷ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ለሰው ዝግ ነው ብላ ነገረቻት። በዚህም አንድ ነገር ዘነጋች፤ ሲኞራ ዮሌ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ዝግ? ምን ዝግ ነው!» አሏት ሲኞራዋ ለተንኪኤልን። «በዚህ አገር እንዲህ ያለ ፈተና በሩ ክፍት ነው፤ ቤተሰብ ከኋላ ይቀመጣል። ልጅቷ እንዳታስቸግርሽ ብላ ነው። ሂጂ፣ ጠዋቱን ሰጥቼሻለሁ።»

ለተንኪኤል አሰበችበት። ልጅዋ ከትልቅ ቤት ደጅ ቆማ ቦታ ልትጠይቅ ነው። በኛ ወግ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር ለብቻ አይኬድም፤ አንድ ቁም ነገር ከሰው ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። ሙሽራ ሲጠየቅ፣ ዕርቅ ሲለመን፣ ለልጅ ሥራ ሲፈለግ፣ አፍ ያለው ሰው ቀድሞ ገብቶ ይናገራል። ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው ብላ ጋሽ ኣንደብርሃንን ለመነቻቸው። እሳቸውም አላንገራገሩም፤ ቡናማ ሱፋቸውን አስተኮሱ።

ያን ቀን ጠዋት ሄራን መልካም እየተናገረች ነበር። አምስት ፕሮፌሰሮች ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ነጭ ጢም አላቸው። ሥዕሏ ከጀርባዋ ተለጥፏል። ስለ ኮሪደሩ ብርሃን ስታወራ ሰብሳቢው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሟታል፤ አንደኛዋ ፕሮፌሶሬሳ ማስታወሻ ትጽፋለች። ቦታው ሊሰጣት ነው፤ እሷም ታውቋታል፤ ድምጿ እየሞቀ ሄደ።

በሩ ተከፈተ። ነጠላዋን ያጣፋች እናቷ ገባች፣ ኋላዋ ጋሽ ኣንደብርሃን፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው። ጋሽ ኣንደብርሃን ጠረጴዛው ፊት ደርሰው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ ከዚያ ሁለቱ ከኋላ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ሄራን ክው አለች። የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደጨረሰችው እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ለተንኪኤል ሥዕሉን አየችው። በጉልበቷ ተንበርክካ የወለወለችው ቤት ነው፤ ገና ከሩቁ አወቀችው፤ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ ለጋሽ ኣንደብርሃን «ያ የሲኞራዬ ቤት ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ኩሽናው ጋ ደረሰ። አልጋዋን ፈለገች። ሪፖስቲሊዮ የሚለውን ቃል ለማንበብ ፊደል መቁጠር አላስፈለጋትም፤ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ነው። አፏን ገጠመች። ሄራን ይህን ሁሉ ከፊት ሆና አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰብሳቢው «እንግዲህ፣ ጥያቄ ያለው አለ?» አሉ። የጠየቁት ባልደረቦቻቸውን ነበር። የተነሱት ግን ጋሽ ኣንደብርሃን ናቸው።

«ክቡራን ሆይ» አሉ በዚያ በጥንቱ ጣሊያንኛ፤ «ለመናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። እኔ የዚህች ልጅ ሽማግሌ ነኝ። የመጣነው ልጃችንን እንድትቀበሉልን በትሕትና ልንለምን ነው።»

ከዳር የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ሄራን ፊቷ እሳት ሆነ። ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው ነበር፤ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና አላቋረጡም።

«ልጅቷ ምስጉን ናት» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ቤት ሞልቶላት አይደለም የተማረችው። ግማሽ ክፍል ውስጥ፣ ስስ ግድግዳ ሥር፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን እየጮኸባት ነው ያጠናችው። ውሃ የምትቀዳው ሰፈር ሁሉ ከሚቀዳበት ቧንቧ ነው። እናቷ በሳምንት አንድ ሌሊት ነው የምታቅፋት። ከዚያ ወጥታ እዚህ እናንተ ፊት መቆሟን እዩልን።»

እንዲህ ብለው ቆሙ። የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ በእሳቸው ቤት ማመስገናቸው ነው። ማስታወሻ የምትጽፈው ፕሮፌሶሬሳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሥዕሉን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ሄራንን አየች።

«ይቅርታ» አለች ቀስ ብላ። «የትኛውን ቤት ነው የሚሉት?»

አሁን ነበር ሄራን መናገር የነበረባት። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። የተነሳችው ግን ከኋላ እናቷ ናት።

«ሽማግሌ ናቸው» አለች ለተንኪኤል በኩሽና ጣሊያንኛዋ። «አርጅተዋል፣ ነገር ይቀላቀልባቸዋል። ስለ ሌሎች ልጆች ነው የሚናገሩት። ያ ቤታችን ነው። ያ የተሳለው።»

«እና ይቺ ትንሿ ክፍል?» አለች ፕሮፌሶሬሳዋ። በክፋት አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ሐፍረት መሃል ወሬ ልታስቀይር ፈልጋ ነው።

ለተንኪኤል ነጠላዋን አስተካከለች። «መጥረጊያና ባልዲ» አለች። «እዚያ ሌላ ምንም የለም።»

ጋሽ ኣንደብርሃን ወደ እሷ ዘወር አሉ። ለአንድ አፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሳቸው በሕይወታቸው ስንት ጠብ ያዩ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ገባቸው። ለፕሮፌሰሮቹ እንደገና ዝቅ ብለው፣ «እውነቷን ነው። አርጅቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ ተማሪ አሁንም ይስቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ሄራን ለሳቁ አልተቆጣችም፣ ለሽማግሌው አልቆመችም፣ እናቷን አላረመችም። ሰብሳቢው «አሎራ፣ እንቀጥል» ሲሉ ስለ ኩሽናው አየር አዘዋወር ማስረዳት ቀጠለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሜትሮ ያዙ። ብዙ ጣቢያ ካለፉ በኋላ ጋሽ ኣንደብርሃን ሄራንን ጎሸም አደረጓት። «ጣሊያንኛዬ እንዴት ነበር? ሩቅ ዘመን ነው የተማርኩት» አሉ ፈገግ ብለው። «ጥሩ ነበር ጋሼ» አለች። ይህን ያለችው ጫማቸውን እያየች ነው፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ስሟ ከስድስቱ አራተኛ ሆኖ ወጣ። ሰላም ፓላስ ዕልል አለ። ከዚያ ሕንፃ ወደዚያ ፋኩልታ የገባ ሰው አልነበረምና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ በክፍላቸውና በኮሪደሩ ተሰበሰበ፤ ለተንኪኤል ሰው እያስተናገደች ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ትስቃለችም፣ ልጅዋን ግን በቀጥታ አላየቻትም። ምግቡ ሲያበቃ፣ እንደ ወጉ፣ ጋሽ ኣንደብርሃን እንዲመርቁ ተለመኑ። ሁሉም ተነሳ። ሄራን መሃል ቆመች።

«ቤት ሠሪ ያድርግሽ!»

«አሜን!»

«የሠራሽው አይፍረስ፣ የጀመርሽው አይቋረጥ!»

«አሜን!»

«በሰው ፊት አያሳፍርሽ!»

ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። ሄራን ብቻ አላለችም። ያዋረደቻቸው ሰው ናቸው ውርደት እንዳያገኛት የሚለምኑላት። አንገቷን ደፍታ ከሰው መሃል ወጣች፤ የደስታ እንባ መስሏቸው አሳለፏት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሳለ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጡ። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ አልተሳሳቱም። እርስዎ አልጃጁም። እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ተነሺ» አሏት ትከሻዋን ይዘው። «የእኔን ተዪው፤ ከዚህ የባሰም ስቀውብኛል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እናትሽ ሁልጊዜ 'ሰፊ ክፍል ሰጥተውኛል' ነበር የምትለን። እዚያ ዕቃ ቤት እንደምትተኛ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት፤ ከአፏ ሳይሆን ከፊቷ።» ከዚያም «እኛ እንተዋወቃለን። እነዚያን ሰዎች ግን አታለናቸዋል፤ እኔም አብሬ» አሉ። ተመልሰውም ወደ ሰው ገቡ።

ሰኞ ሄራን ፋኩልታው ሄዳ ያቺን ፕሮፌሶሬሳ ፈለገቻት። ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ የምትኖረው የት እንደሆነ፣ መጥረጊያና ባልዲ ባሉበት ማን እንደሚተኛ። ፕሮፌሶሬሳዋ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳፈራት። ሰብሳቢው ተጠሩ። ሁለቱ ለብቻቸው ተነጋገሩ። የተጠየቀው የሚኖሩበት ቤት ስለነበር ቦታው እንደማይጸናላት፣ ለተከታዩ ተማሪ እንደሚሰጥ፣ ከፈለገች በዓመቱ እንደገና ማመልከት እንደምትችል ነገሯት። አመስግና ወጣች። እስከ ሐሙስ ድረስ ለእናቷ ምን እንደምትል ስታሰላስል ሰነበተች፤ ቢያንስ እውነት በመናገሯ እናቷ ደስ ይላታል ብላ ነበር።

ተሳስታለች። ለተንኪኤል ቆማ ሰማቻት፤ ከዚያ ትግርኛዋ መጣ። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ ለማድረግ እየታገለች ተቆጣች። ቁጣው ሲደክም ወደ አማርኛ ተመለሰች፤ ያኔ የተናገረችው ነው ሄራንን የገደላት።

«እኔ ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ዋሽቼ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፣ ስግደት ተሰጠኝ፣ ሰገድኩ፣ አለቀ። ያ የእኔና የእግዚአብሔር ነው። አንቺ ምን አደረግሽ? መጀመሪያ ዕቃ ቤት አልሽኝ። እሺ፣ ልጅ ነሽ፣ አፍረሽ ነው አልኩ። አሁን ደግሞ ሄደሽ እናቴ እዚያ ነው የምትተኛው አልሻቸው! የምተኛበትን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለጋሽ ኣንደብርሃን አልነገርኩም። ለእናቴ እስክትሞት አልነገርኩም። ማን ፈቀደልሽ?»

መጀመሪያ ሲዋሽም፣ ኋላ እውነቱ ሲወጣም፣ እናቷን የጠየቃት ሰው የለም። ሁለቱንም ጊዜ ሄራን ያራገፈችው የራሷን ሸክም ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የወረደው እናቷ ላይ ነው። ይህ ሲገባት ቦታውን ማጣቷን ረሳችው።

ለተንኪኤል ለብዙ ሐሙስ አልመጣችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ስለ ጉንፋንና ስለ አውቶቡስ ያወራሉ። ሄራን ኮሌጁን ጨርሳ ቡና ቤቱን ሙሉ ቀን ያዘችው። «ፋኩልታው መቼ ነው የሚጀምረው?» ለሚሏት ጎረቤቶች «ለከርሞ ተላልፏል» ትላለች፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። ጋሽ ኣንደብርሃን ማንም እንዳይጠይቃት ወሬ ያስቀይሩላታል።

ዘንድሮ ማመልከቻው ሲከፈት ጥያቄው ያው ሆኖ መጣ። ሄራን በመጀመሪያ ጋሽ ኣንደብርሃን ዘንድ ሄደች። የእሷንና የእናቷን ግማሽ ክፍል ከግድግዳው ወዲህ ብቻ ልትስል ፈቃድ ጠየቀች፤ መረቋት። ከዚያ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፕራቲ ሄደች። እናቷ ሳህን ታጥባ እየጨረሰች ነበር። ሄራን ኩሽናው በር ላይ ቆመች፤ ሜትርም እርሳስም አልያዘችም።

«እማዬ» አለች። «ቤታችን ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱን ሳልኩት። ያንቺን ልስለው? አይሆንም ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ ማመልከቻውንም እተወዋለሁ።»

ለተንኪኤል የመጨረሻውን ሳህን አስቀመጠች። እጇን ረጋ ብላ አደረቀች። የቀን ብርሃን በኮሪደሩ እስከ ኩሽናው ድረስ ገብቶ ነበር፤ ወደ ጠባቧ ክፍል አይደርስም። ልጅዋን አየቻት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

«ትንሽ ቆዪ» አለች፤ «አልጋዬን ላንጥፍ።»